በጀልባ 25 ደቂቃ

ምትሃትና ጭራቅ ያለበት ልብ ወለድ የልጆች ጉዳይ ነው ብለው የሚተዉ ወላጆች ብዙ ናቸው። እኔ ግን የ17 ዓመቷ ልጄ የምታነበውን አብሬያት አነባለሁ። ፊት ለፊት ብጠይቃት የማትነግረኝን በመጽሐፉ አሳብባ ታወራኛለች።

ሰሞኑን የጨረስነው የአሜሪካዊቷን ደራሲ የኤን. ኬ. ጀሚሲንን መጽሐፍ ነው፤ ርእሱ በአማርኛ ቢመለስ «የምንሠራው ዓለም» ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሲሆን፣ በ2020 ለወጣው «የሆንናት ከተማ» ተከታይና መደምደሚያ ነው። ደራሲዋ ሦስት ክፍል አስባ ነበር፤ ወረርሽኙና የአገሯ ፖለቲካ እውነተኛዋን ኒውዮርክ ስለቀየሩባት በሁለት ቋጨችው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከተማ ሲበስል ነፍስ ይዘራል፤ ነፍሱም በሰው ላይ ያድራል። ኒውዮርክ ሰፊ ናትና ለአምስቱ ክፍሎቿ አምስት ሰዎች፣ ለመላዋ ከተማ ደግሞ አንድ ወጣት ይመረጣሉ። ከሌላ ዓለም የመጣች፣ ነጭ የለበሰች ሴት ልታጠፋቸው ትነሣለች። በሁለተኛው መጽሐፍ ትግሉ በምትሃት ብቻ አይደለም። ብሩክሊን ለከንቲባነት ትወዳደራለች፤ ከህንድ የመጣችው የኩዊንስ ልጅ የቪዛ ጣጣ ይገጥማታል።

እኔን እንቅልፍ የነሣችኝ ግን ስታተን አይላንድን የምትወክለው አይስሊን ናት። 30 ዓመት ሞልቷት ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች። ፖሊሱ አባቷ ከተማውን እያስፈራራ አሳድጓታል። ወደ ማንሃተን የሚያሻግረው ጀልባ ክፍያ የለውም፤ መንገዱም 25 ደቂቃ ገደማ ነው። እሷ ግን መሻገር አቅቷታል። ጠላት የገባችውም በእሷ በኩል ነው። ብቸኛ ለሆነች ልጅ፣ በጣፋጭ አንደበት ቀርቦ ጓደኛ መምሰል በቂ ነበር።

ብሩክሊንም እናት ናት። ልጇን ጆጆን፣ ሽማግሌ አባቷ ባሉበት ቤት ታሳድጋለች። እሷም ለልጇ ትፈራለች፤ ፍርሃቷን ግን ለልጇ አላወረሰችም።

«እማዬ፣ የአይስሊን አባት እንዲህ የሚያደርጋት ስለሚወዳት ነው ወይስ ክፉ ስለሆነ?» አለችኝ ልጄ።

«ሁለቱም ይመስለኛል» አልኳት። ዝም አለች።

ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። ዩኒቨርሲቲ የት እንደሚደርሳት አናውቅም። እናቴ «ሩቅ ከሆነ ይቅርባት» ትላለች፤ እኔም አንጀቴ ከእሷ ጋር ነው። ጥንቃቄ ግን መንገዱን ማሳየት እንጂ በር መዝጋት አይደለም። ታክሲው የት እንደሚያዝ፣ ማንን መጠየቅ እንደሚሻል፣ ሲመሽ ምን እንደሚደረግ ቤት ሆኖ አይለመድም።

መጽሐፉ እንዴት እንደሚያልቅ አልነግራችሁም፤ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት። በእኛ ቤት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ይዛ ብቻዋን አያቷ ዘንድ ትሄድ ጀምራለች። ስትደርስ የምትደውልልኝ እናቴ ናት። ስልኩ እስኪጠራ ያለው ጊዜ ግን ከ25 ደቂቃ በጣም ይረዝማል።