ከመርካቶ እስከ ገደሉ ሥር

መርካቶ ያደገ ልጅ ቂብላ ለመፈለግ አይቸገርም። የአንዋር መስጊድ ሚናራ ይታየዋል፤ አዛኑም ይጠራዋል።

በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ እሑድ፣ የመድረሳ ልጆቻችንን ይዘን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ከአንዋር ደጃፍ ተነሣን። ጉዟችን በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ወደሚገኘው ገደል ነበር። ሕዝቡ የፖርቱጋሎች ድልድይ ከሚለው የድንጋይ ድልድይ ዘንድ አንድ የአገሩ ገበሬ በመሪነት ተቀበሉን። ከሥሩ የሚወርደው ውሃ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። በአገራችን ብቻ የሚገኙት ጭላዳ ዝንጀሮዎች አፋፉ ላይ ሣር ይነጫሉ። ሱብሐነላህ!

ቁልቁለቱን ስንጀምር አንዱ ልጅ አቋራጭ ያገኘ መስሎት ሮጠ። «ተመለስ ልጄ! እሱ የፍየል መንገድ ነው» አሉት መሪያችን። ከእግሩ ሥር ያመለጠው ድንጋይ ወርዶ ወርዶ ድምፁ እስኪጠፋ ሁላችንም ዝም አልን።

ዙህር ሲደርስ ከወንዙ ውዱእ አደረግን። መካ ከኛ በስተሰሜን መሆኗን እናውቃለን። ነገር ግን ፀሐይ አናታችን ላይ ናት፤ ገደሉም ከቦናል። ሰሜኑ በየት ነው? ክርስቲያኑ ሽማግሌ በዱላቸው አመለከቱን። ዙህርንና ዐስርን በመንገደኛ ደንብ አሳጥረን እስክንሰግድ ድረስም ስንቃችንን ጠበቁልን።

ዳገቱን ስንመለስ ያ ልጅ ከሽማግሌው ኋላ አልተለየም። ማታ መርካቶ ስንገባ፣ «ኡስታዝ፣ ቂብላችንን እኮ እሳቸው ነገሩን» አለን።

ውድ ወጣቶች፣ የማናውቀውን አዋቂ እንድንጠይቅ ዲናችን አዞናል። መጠየቅ አያሳንስም፤ ያለ መሪ ገደል መውረድ ግን ያጠፋል።