የአባቶች ጉድጓድ

የሰሜኖቹ ዘመዶቻችን “ቤርሼባ ደግሞ ምን የሚታይ አለ? አሸዋና ፀሐይ ብቻ!” እያሉ ሲቀልዱብን ስንት ዘመናችን! እኔ ግን በፋሲካ ሰሞን አባቴንና የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ አንድ ቀን ውዬ፣ አንድ ሌሊት አድሬ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

በቅድሚያ የቤታችንን ነገር ልንገራችሁ። ከቋራ የመጣነው በ1999 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ እስከ ዛሬ ዕብራይስጣቸው ከ“ሻሎም” እና ከ“ቶዳ” ብዙም አያልፍም። ልጄ ደግሞ አማርኛ አይችልም። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ እንጂ አይጫወቱም። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ እኔ ሥራ ስሄድ ቤቱ ጸጥ ይላል። ይህ ጸጥታ ነው እንግዲህ ከቤት ያስወጣኝ…

ጠዋት ወደ ወንዙ ፓርክ ሄድን። የቤርሼባ ወንዝ ስሙ ወንዝ ይሁን እንጂ ውሃ የሚወርድበት በዝናብ ወራት ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ነው። ዳርቻውም ለብዙ ዓመታት የቆሻሻ መጣያ ነበር። አሁን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተሠርቶለታል፤ የሚሞላውም ተጣርቶ በተመለሰ የፍሳሽ ውሃ ነው። እኔ ከውትድርና እንደወጣሁ በሙያ ትምህርት ቤት የቧንቧ ሥራ ስለተማርኩ ዓይኔ ቶሎ ወደ ፓምፑና ወደ መሥመሩ ነው የሚሄደው። እስራኤል ከፍሳሿ 90 በመቶ የሚጠጋውን አጣርታ መልሳ እንደምትጠቀምበት፣ አብዛኛውም ለእርሻ እንደሚውል ለአባቴ ብነግራቸው “ከሽንት ቤት የወጣውን?” ብለው አፍንጫቸውን ያዙ!

ትንሽ ቆይተው ግን ወደ ዳር ወርደው ቄጠማ የመሰለውን ሣር በእጃቸው ዳሰሱ። ወዲያው ቀና ብለው በሰማይ የሚዞሩ ሽመላዎች አዩና “እነዚህ ከእኛ አገር ነው የሚመጡት” አሉ። ልክ ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ ወፎች በዚህች አገር ሰማይ ያልፋሉ፤ በጸደይ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ፣ በመከር ደግሞ ወደ አፍሪካ። ለልጄ ተረጎምኩለት። “ሳባ አገር ሲገቡ ፓስፖርት ይጠየቃሉ?” አለ። ያንንም ለአባቴ ተረጎምኩ። አባቴ ከልባቸው ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ ካየሁ ቆይቻለሁ።

ከዚያ ወደ አሮጌው ከተማ ተሻገርን። ቱርኮች በ1900 ከተማዋን ሲቆረቁሩ መንገዶቹን በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ቀጥ አድርገው ነው የቀየሱት። በ1906 የተሠራው መስጊድ ዛሬ ሙዚየም ነው። በወታደሮቹ መቃብር ስናልፍ እግሬ አልሄድ አለኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደቁ ከ1200 በላይ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ ወታደሮች እዚያ ተኝተዋል። ዕድሜያቸውን አነበብኩ፤ እኔ መሣሪያ በተሸከምኩበት ዕድሜ የቀሩ አሉ። አባቴ “ምን ፈልገው ነው እዚህ ድረስ የመጡት?” ሲሉ አንዱን ምክንያት ነገርኳቸው፤ ጥቅምት 31 ቀን 1917 ፈረሰኞቹ ከተማዋን ሲያጠቁ የተጠሙ ፈረሶቻቸው የቤርሼባን ጉድጓዶች ይፈልጉ ነበር። “አዬ ውሃ!” አሉ አባቴ።

የአብርሃም ጉድጓድ ነው ከተባለው ቦታ ስንደርስ ግን አስረጂ አላስፈለገንም። አባቴ በኦሪት ያለውን ታሪክ እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የሚያውቁት። አብርሃም የቆፈራቸውን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፈኗቸው፤ ልጁ ይስሐቅ መልሶ ቆፈራቸው፣ አባቱ ባወጣላቸውም ስም ጠራቸው። አባቴ ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ልጄ ላይ ነበር። እኔም እየተረጎምኩ “የእኛስ ጉድጓድ በምን ተደፈነ?” እል ነበር በልቤ።

አመሻሽ ላይ በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኔጌቭ ተራሮች ነዳን። አዳራችን እንግዳ የሚቀበል አንድ የፍየል እርሻ ነበር። ያ አካባቢ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ነው የሚያገኘው። ሆኖም በሸለቆዎቹ ውስጥ ከናባታውያንና ከቢዛንታይን ዘመን የቀሩ የድንጋይ እርከኖች አሉ፤ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ይዘው አፈሩን የሚያጠጡ። አባቴ ድንጋዩን መታ መታ አድርገው “ይኼን የካበ ሰው ገበሬ ነው” አሉ።

ለእራት ባለቤቷ የፍየል አይብ አቀረበችልን። አባቴ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሴትዮዋ ቅር ብሏት “ለፋሲካ የተፈቀደ ነው” ብላ የራቢዎቹን ማኅተም አሳየችን። ልጄም “ሳባ ለምን አይበላም? ኮሸር እኮ ነው!” አለ። “ጠግበዋል” ብዬ ማለፍ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ልጄ እየሰማ ነው! ስለዚህ እንዳለ አስረዳሁ፦ በእኛ ዘንድ በፋሲካ የቦካ ብቻ ሳይሆን ያደረ ወተት፣ እርጎና አይብም አይቀመስም፤ ቂጣና ወዲያው የታለበ ወተት ነው የሚቀርበው። ቀሳውስቶቻችን ያቆዩት ሕግ ነው፤ ከማኅተሙ ጋር አልተጣላም፣ የራሱ መንገድ አለው። ሴትዮዋ ጥቂት ዝም አለችና “እንግዲያው ጠዋት ራሳቸው ይለቡ” አለች።

ጎህ ሲቀድ አባቴ ፍየሏ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አለቡ። ጣታቸው ምንም አልረሳም። ልጄ ጎናቸው ተቀምጦ ጣቱን ወደ ፍየሏ ልጅ ጠቆመ። “ግልገል” አሉት። “ግልገል” አለ። “ወተት።” “ወተት።” እኔ በረቱ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ አስተርጉም ያለኝ ሰው አልነበረም!

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን የአባቶቻችን ነገር ደርቋል እንላለን። ውሃው ግን ከሥር አለ፤ ላዩን የሸፈነው አፈር ነው። አሁን ልጄ ዓርብ ዓርብ ከአያቱ አንድ አንድ ቃል ይቀበላል፤ እስከዚህ ሳምንት አሥራ አራት ደርሷል። እናንተስ ቤት? ሽማግሌዎቹ ሳያልፉብን አካፋችንን እናንሳ።