ባዶ ካች ብሎክ አትተዉ

የሰው ኮድ ስገመግም ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ባዶ ካች ብሎክ ነው። ስህተቱ ተይዟል፤ ግን ሎግ ላይ አልተጻፈም፣ ለማንም አልተነገረም። የደንበኛው ትዕዛዝ ዳታቤዝ ውስጥ ሳይገባ ገጹ «ተሳክቷል» ይለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለዚህ ነው።

ፒኤችፒ ትራይና ካችን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው 5ኛው ቨርዥን ነው። ከዚያ በፊት ብዙው ፈንክሽን ሲከሽፍ ፎልስ ይመልስ ነበር፤ ፕሮግራመሩ ካላጣራ ኮዱ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ኤክሴፕሽን ግን የሚይዘው ካጣ ሥራውን ያስቆማል። የፒኤችፒ የዳታቤዝ ማገናኛ የሆነው ፒዲኦም ቢሆን በነባሪነት ኤክሴፕሽን መወርወር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ፒኤችፒ 8 ነው፤ ቀድሞ ኪዌሪ ሲከሽፍ ዝም ይል ነበር።

እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። ክፍያ መዝግቦ ከዕቃ ክምችት የሚቀንስ ኮድ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይገባል። መሃል ላይ ከከሸፈ ካች ውስጥ ሮልባክ አደርጋለሁ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ኤክሴፕሽን እንደ መነሻ ምክንያት ይዤ «የክፍያ ስህተት» የሚል የራሴን ክላስ እወረውራለሁ። ዝርዝሩን ሎግ ላይ የሚጽፈው ከላይ ያለው አንድ ሃንድለር ነው፤ ለተጠቃሚው ግን 500 ስታተስ ኮድና በቀላል ቋንቋ የተጻፈ መልእክት ብቻ ይደርሰዋል። የፋይል አድራሻና የኪዌሪ ዝርዝር ስክሪን ላይ ማሳየት ለአጥቂ መንገድ መጠቆም ነው።

መፍትሔ የምትሰጡበትን ስህተት ብቻ ያዙ፤ የቀረውን ወደ ላይ ልቀቁት። በኮዳችን ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስ ሰው እውነቱን የማወቅ መብት አለው።