ማን ገባ፣ ማን ወጣ

ቡታጅራ ሰርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ድንኳኑ በር ላይ የተሰቀለው ባነር የባንድ ስም በትልልቁ ጽፏል። ገብቼ ባየው ባንዱ አንድ ልጅ ነው። ፊት ለፊቱ ኦርጋን፣ በቀኙ ላፕቶፕ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ቁመቱን የሚያህሉ ሁለት ሞንታርቦዎች። ድራሙም ቤዙም ትራምፔቱም ጣቶቹ ስር ናቸው። ሁለት ድምፃውያን ተራ በተራ መጥተው ዘፈኑ፣ ተሸለሙ፣ ሄዱ፤ እሱ ከወንበሩ አልተነሳም። ጉራጊኛው ሲደርስ በግራ እጁ አንዲት ቁልፍ ነካ፤ ምቱ ገባ፤ እንደተቀመጠ የቀረ ሰው አልነበረም። ልጁ ይሄኔ ሁለቱንም እጁን አንስቶ ሚሪንዳውን ከፍቶ ጠጣ። ሙዚቃው አልቆመም።

እረፍት ሲያደርግ ጠጋ አልኩት።

«ሌሎቹስ?»

«የትኞቹ ጋሼ?»

«ባንዱ ነዋ።»

ሳቀ። «አራት ነበርን። ጊታሪስቱ አዲስ አበባ ገባ፣ ቤዚስቱ ሳውዲ ነው፣ ድራመሩ ባጃጅ ገዛ።»

«ስሙስ?»

«ባነሩ ታትሟላ!»

*

የባንድ ስም የማን ነው? የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች በነገሡበት ዘመን ይህ ጥያቄ አይነሳም። ሳክስፎኑ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ነፊውም ባለማዕረግ። ሰው ይዛወራል፣ ጡረታ ይወጣል፣ አንዳንዴም ይታሰራል፤ ኦርኬስትራው እንደ መሥሪያ ቤቱ ይቀጥላል። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡ ግርግር ሲከሽፍ ጠንሳሹ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ስለነበረ መዘዙ ለዘፋኙም ተርፎ ጥላሁን ገሠሠ ታስሯል።

ቀጥሎ ሆቴሎቹና ክለቦቹ መጡ። ራስ ሆቴል ራስ ባንድን፣ ዋቢ ሸበሌ ሆቴል ሸበሌ ባንድን፣ ቬነስ ክለብ ቬነስ ባንድን ያዘ። መሣሪያው የባለቤቱ ነው። ሙዚቀኛው እንደ አስተናጋጁ ይቀጠራል፣ እንደ አስተናጋጁ ይሰናበታል፤ ማታ ሌላ ሰው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንኑ ሳክስፎን ይነፋል። ዋልያስ ባንድ ይህን ሰበረ፤ አባላቱ ገንዘብ አጠራቅመው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙና ሂልተን ገቡ። ማን ገባ ማን ወጣ የሚለው ወሬ የሚጣፍጠን ቢሆንም፣ በዘመናዊ ሙዚቃችን ትልቁ ለውጥ የመጣው የመሣሪያ መግዣ ደረሰኝ በሙዚቀኛ ስም የተቆረጠ ቀን ይመስለኛል።

የቡታጅራው ልጅም ስሙን ያስቀረለት ባነሩ ብቻ አይደለም። ኦርጋኑ የእሱ ነው።

*

በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ሁለት ተቀናቃኝ ባንዶች አንዱን ፍየል ተካፈሉት። አንደኛው ዋልያስ፣ ሌላኛው አይቤክስ። አይቤክስ ማለት በፈረንጅ አፍ ያው የዋልያ ዘር ነው። ሰሜን ተራራ ላይ ያለው እንስሳ እንዲህ ቤት ለቤት ሲጠራ አለመደንገጡ ደግ ነው። በኋላ አይቤክስ ስሙን ጣለና ሮሃ ሆነ፤ የላሊበላን የጥንት ስም ወሰደ። ቤዚስቱ ጆቫኒ ሪኮና ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም ግን አብረው ተሻገሩ። ስም ተቀይሮ ሰው የቀረበት ብርቅ ጉዳይ ስለሆነ መዝግቤዋለሁ።

*

ማሕሙድ አሕመድ የጉራጌ ልጅ ነው፤ መርካቶ ተወልዶ ሊስትሮ ሆኖ ያደገ። እ.ኤ.አ. በ1962 አሪዞና ክለብ በተላላኪነት ይሠራ ነበር፤ ክለቡ ደግሞ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹበት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። የባንዶቻችንን ታሪክ አብዝቶ የጻፈው ፈረንጅ ስለሆነ አቆጣጠሩም የእሱ ሆኖ ቀረ።) አንድ ማታ የሚዘፍነው ሰው ቀረ። ልጁ እኔ ልሞክር አለ፤ ጥቂት ዘፈን ዘፈነ። ብዙም ሳይቆይ የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ሆኖ እስከ 1974 ቆየ።

የቀረው ዘፋኝ ምን ሆኖ ቀረ? አሞት? ታክሲ አጥቶ? የማሕሙድን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው ስለዚያ ሰው ነው።

*

በዚያው በ1974 ራሽ የሚባለው የካናዳ ሮክ ባንድ ድራመሩን ቀየረ። ሐምሌ ውስጥ ኒል ፒርት ገባ፤ እስከ 2015 ድረስ ሦስቱ ሰዎች ያው ሦስቱ ናቸው። የራሽ ወዳጆች ከፒርት በፊት የነበረውን፣ አንድ አልበም ብቻ ቀርፆ የወጣውን ድራመር እንኳ በስሙ ይጠሩታል። የኛ ሰው በዚያ ዓመት የሚቆጥረው ሌላ ለውጥ ነበረው፤ ፒርት ከገባ ሁለት ወር ሳይሞላ ንጉሡ ወረዱ።

አርባ ዓመት ሦስት ሰው ሳይበተን እንዲኖር የሰዓት እላፊ የሌለበት አገር ሳያስፈልግ አይቀርም። በደርግ ጊዜ የአዲስ አበባ ክለብ በር አንዴ ከተዘጋ እስኪነጋ አይከፈትም፤ የገባው እንግዳ እዚያው ያድራል፣ ባንዱም ሲጫወት ያድራል።

*

የዋልያስ ነገር ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 ማሕሙድ አሕመድንና ጌታቸው ካሳን ይዘው አሜሪካ ሄዱ። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ከፊሉ ወደ አገሩ፣ ኃይሉ መርጊያን፣ ሞገስ ሀብቴንና ግርማ በየነን የመሳሰሉት እዚያው። ማን ማንን አስከፋ የሚል ወሬ አልፈልግም። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኃይሉ በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገባ፤ አኮርዲዮን፣ ኪቦርዶች፣ ለድራመር ምትክ ደግሞ ማሽን። አንድ ሰው ባንድ ሆነ። ካሴቱ ወጣ፤ ዓመታት አለፉ፤ ኃይሉ ዋሽንግተን ዳር ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳል። ወረፋ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ከሻንጣ ማስቀመጫው አውጥቶ ይለማመዳል። ግርማ በየነ ነዳጅ ማደያ ሠራ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመና ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። ግርማም አገሩ ገብቶ በ2017 ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ሠራ።

*

«አጃቢ» የሚለው ቃል ይከነክነኛል። ሙሽራ አጃቢ አለው፣ ባለሥልጣን አጃቢ አለው፣ ዘፋኝም አጃቢ አለው። ሦስቱም ጋ የአጃቢውን ስም ማንም አይጠይቅም። ልጅ ሆኜ ወልቂጤ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካሴት ቤት ደጅ ቆሜ የማየው የዘፋኙን ፎቶ፣ ጃኬቱንና ጸጉሩን ነበር። ሥር በደቃቅ ፊደል «ሮሃ ባንድ» ይላል። ሮሃ ያጀባቸው አልበሞች ከ250 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። እንግዲህ ከጅማ መንገድ ጫት ተራ እስከ ቡታጅራ ሻይ ቤቶች፣ ዘፋኙ ቢለዋወጥም ጆሯችን የለመደው የጥቂት ሰዎችን ጣት ነው። የዳዊት ይፍሩን ኪቦርድ ሺህ ጊዜ ሰምቼ ስሙን ያወቅሁት ጎልምሼ ነው። አፍሬያለሁ።

*

የጉራጌ ዞንም ቢሆን እንደ ባንድ አባላቱ ተለዋውጠውበታል። ስልጤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ወጣ፤ በ2015 ዓ.ም. ምሥራቅ ጉራጌ የራሱ ዞን ሆኖ ቡታጅራን መቀመጫው አደረገ። ወልቂጤ «ጉራጌ ዞን» የሚለውን ስም እንደያዘች ቀረች። ዘቢዳር ተራራ መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱንም ያያል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ፖለቲካ ይሆንብኛል።

*

ይህ አገር የእቁብ አገር ነው። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። መሃል ላይ የሞተ፣ የሄደ፣ የከሰረ ቢኖር ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይታወቃል። የቡታጅራው ልጅ እንዳጫወተኝ ግን አራቱ ሲጀምሩ ያዋጡበት ጊታር አብሮ አዲስ አበባ ገብቷል። «ዋስ አልጠራችሁም?» ብለው «ጓደኛሞች ነበርን ጋሼ» አለኝ። እቁብ ውስጥም ጓደኛሞች ናቸው፤ ግን ዋስ አላቸው።

*

የሚያንገበግበኝ የነፋስ መሣሪያው ነው። በባንዶቻችን ለውጥ ውስጥ መጀመሪያ የወጣውና ያልተመለሰው እሱ ነው። አራት ነፊ መቀለብ፣ ማጓጓዝ፣ ማልበስ ለማን ይዋጣለታል? ኦርጋኑ ትራምፔት ይሰጥሃል፤ ትንፋሽ የማያጥረው፣ የማይሰክር፣ ሂሳብ የማይጠይቅ ትራምፔት። እርግጥ አንዳንዱ ነፊ ይሰክር ነበር። ቢሆንም።

*

ሰርጉ ሲያልቅ ልጁ ገመዱን ክርኑ ላይ እየጠቀለለ ስልክ ደወለ። ባጃጅ መጣ። ነጂው ወርዶ ሳይጠየቅ ሞንታርቦውን በአንድ በኩል ያዘ፤ የት እንደሚጨበጥ ያውቃል። ሁለቱ አንድ ላይ ስለማይገቡ ሁለት ምልልስ ነው። እኔ በሁለተኛው ተሳፈርኩ፤ ግማሹ ወንበር የእኔ፣ ግማሹ የሞንታርቦው። መንገዱ ላይ ነጂው በሁለት አውራ ጣቱ መሪውን ይመታል፤ ጉራጊኛው ነው፣ ግን ከድንኳኑ ትንሽ ረገብ ያለ።

«የማሽኑ ይፈጥናል?» አልኩት።

«አይፈጥንም ጋሼ። አያሳርፍም እንጂ።» ፍሬን ያዘና ወደ ኋላ ዞረ። «እዚህ ጋ ነዎት? የሞንታርቦውን እሱ ይከፍላል፣ የእርስዎ ለብቻ ነው።»