መጽሐፍ ወደ አንባቢው ሲሄድ

አዳማ ደምቃ የምትታየው ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። የካፌው ወንበር ሁሉ ወደ መንገድ ዳር ይወጣል። አንድ መጽሐፍ አዟሪ ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ መጣ። አጠገቤ የነበረው ወጣት አንዱን መዘዘ፣ የጀርባውን ጽሑፍ አነበበ፣ ዋጋ ጠየቀና መለሰለት። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ርዕሱን ቴሌግራም ላይ ይፈልግ ጀመር። አዟሪው አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ፒዲኤፉን ያወርዱታል እንጂ አይጨርሱትም» አለኝ።

ስልክን የንባብ ጠላት ማድረግ ለምደናል። እኔ አልስማማም። ሬዲዮም በጊዜው አዲስ ነገር ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አወቃቸው። ከመሣሪያው ጀርባ ድርሰቱን የሚወድ፣ እያነበበ የሚያስከትል ሰው ነበረ። ፒዲኤፉ ያጣው እሱን ነው።

በሞጆ አድርጌ፣ መቂን አልፌ ባቱ ገባሁ፤ ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንላት። ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ፣ በቱሉ ጉዶ፣ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በዮዲት ዘመን ካህናት ከአክሱም ብራናዎቻቸውን ይዘው እዚህ ድረስ ተሰደዱ ይባላል። የብራና መጽሐፍ ማኅደር ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም፤ ከቆዳ ተሰፍቶ ማንገቻ የተበጀለት፣ በትከሻ ለመጓዝ የተሠራ ነው።

ከሻሸመኔ ትንሽ አለፍ ብላ ሐዋሳ አለች፤ መጽሐፍ እዚያም ተጉዟል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠራ ቆይቶ አገሩ ተመለሰና በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ የሕጻናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፉን በአህያ ጋሪ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ሰደደው። በፈረንጆቹ 2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ ብሎ መረጠው። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ያኮራኛል፤ የባቱ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጣ አብርሆት ሊደርስ አይችልም።

ሐዋሳ ላይ ጋሪ የሠራውን አዳማ ላይ ባጃጅ ይሠራዋል። አፋን ኦሮሞውንም አማርኛውንም አብሮ ይጫን። መናኸሪያው ጥግ ይቁምና መኪና እስኪሞላ የሚጠብቀው ተሳፋሪ መጽሐፉን በስልኩ ይጫን፤ ቤተ መጻሕፍቱ የደራሲውን ድርሻ አስቀድሞ ይክፈል። ከባጃጁ የሚወርደው ሠራተኛ ደግሞ ከመዝጋቢነት ያለፈ ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ጮክ ብሎ የሚያነብ፣ «ቀጥሎስ?» ሲባል መጽሐፉን የሚያቀብል።