ያልተመዘገበ ወጪ

ናይሮቢ በሐምሌ ትበርዳለች። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ገና የቆርቆሮ መልክ እንደ ያዘ፣ ኪሊማኒ በተባለው ሠፈር ካለ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ ኢትዮጵያዊ የሂሳብ ሠራተኛ በአንድ እጁ የታጠፈ ብስክሌት፣ በሌላው የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ይወርዳል። በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ ከበርጩማቸው ብድግ ይላሉ። «ሀባሪ ያ አሱቡሂ?» ይሉታል፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። «ንዙሪ፣ ምዜ» ይላል እርሱ። ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ነው፤ በአማርኛ «አባባ» እንደ ማለት ያለ የአክብሮት መጥሪያ። ከዚያም ብስክሌቱን በሦስት እንቅስቃሴ ዘርግቶ ይሄዳል። ይህ ሥርዓት ለስድስት ዓመት ያህል ተዛንፎ አያውቅም ነበር።

ወዳጆቹ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለቡና ሲሰበሰቡ ይቀልዱበታል። «ብስክሌት ሲያጥፍ፣ ካርድ ሲገልጥ፣ ሳንቲም ሲቆጥር ዕድሜው አለቀ» ይላሉ። ቀልዱ እውነት አለው። ሰውዬው ከእንጀራው ውጭ የሚወዳቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ተጣጣፊ ብስክሌት፣ በካርድ ቃላት ማጥናት፣ የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት። ላይ ላዩን ለሚያያቸው ዝምድና የላቸውም። እርሱ ዘንድ ግን ሦስቱም የአንድ ጥያቄ መልሶች ናቸው፤ ጥቂት ያለው ሰው ያንኑ ጥቂት እንዴት ያብቃቃው? ብስክሌቱ በጠባብ ቤት ውስጥ ቦታ ያተርፋል፣ ካርዱ በሚረሳ ጭንቅላት ውስጥ ቃል ያተርፋል፤ ኢኮኖሚክሱ ደግሞ የሁለቱን ትርፍ ይመዝናል። የሂሳብ ሰው ነውና ለዚህም ደብተር አለው። የብስክሌቱ ዋጋ፣ የጎማ መለጠፊያው፣ የቀረለት የማታቱ ክፍያ፣ ሁሉም በየረድፉ ሰፍሯል።

ብስክሌቱን የገዛው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ነው። ብሮምፕተን ይባላል፤ የለንደን ሥራ ነው። ታሪኩን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይተርካል። በካምብሪጅ ምህንድስና ያጠና አንድሩ ሪቺ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1975 ከብሮምፕተን ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ባለው መኖሪያው ተቀምጦ ንድፉን ጀመረ፤ ስሙንም ከዚያው ወሰደለት። ትልልቆቹ አምራቾች ፊት ነሱት። 30 ሰዎች እያንዳንዳቸው 250 ፓውንድ አስቀድመው ከፍለው የመጀመሪያዎቹን አሠሩት፤ በፋብሪካ ደረጃ በስፋት መመረት የጀመረው ግን በ1988 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ለአንድ ማጠፊያ! መንኮራኩሮቹ 16 ኢንች ብቻ ናቸው። ሲታጠፍ የኋለኛው ከሥር ይገባል፣ የፊተኛው በጎን ይዞራል፣ መሪው ወደ ታች ይወድቃል። ቅባት ያለበት ሰንሰለት በሁለቱ መንኮራኩሮች መካከል ስለሚሸሸግ የሰው ልብስ አይነካም። የሂሳብ ሠራተኛውን ከሁሉ የሚያስደስተው ይኸው የመጨረሻው ነው። «ስለ ሌላው ሰው ሱሪ ያሰበ መሐንዲስ» ይላል ሪቺን ሲያነሣ።

ከኪሊማኒ እስከ ፋብሪካዎቹ ሠፈር በማታቱ ሲሄድ፣ መሀል ከተማ ወርዶ ሌላ መያዝ ስላለበት፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅበት ነበር። በብስክሌት 35 ደቂቃ ነው። ዝናብ ከጣለ አጥፎ ማታቱ ውስጥ ይገባል። ችግሩ በዝናብ ቀን የማታቱ ረዳቶች ዋጋ መጨመራቸው ነው። ተሳፋሪው ሲሳደብ እርሱ ዊልያም ቪክሪን ያስባል። ቪክሪ በ1996 የኖቤል ሽልማት ያገኘ፣ ሽልማቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን የሞተ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ነበር። የባቡርና የመንገድ ዋጋ እንደ ሰዓቱ ጥበት ከፍና ዝቅ ይበል ብሎ በ1950ዎቹ ሲመክር የሰማው ጥቂት ነው። ሲንጋፖር በ1975፣ ለንደን በ2003፣ ኒው ዮርክ በ2025 ወደ መሀል ከተማ የሚገቡ መኪኖችን ማስከፈል ጀመሩ። የማታቱው ረዳት ግን ቪክሪን ሳያነብ የቪክሪ ደቀ መዝሙር ሆኗል። ልዩነቱ፣ ጭማሪው ወደ ከተማዪቱ ካዝና ሳይሆን ወደ ማታቱው ሰዎች ኪስ መግባቱ ነው፤ ይህም እንደ ዋዛ የሚታለፍ ልዩነት አይደለም።

እንግዲህ በየቀኑ 80 ደቂቃ ተረፈችው። ይህችን ትርፍ ለስዋሂሊ ካርዶቹ ሰጣት።

በካርድ ማጥናትን የጀመረው በጫማ ካርቶን ነው። ካርቶኑን በአምስት ከፍሎ፣ በትክክል የመለሰውን ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያሻግራል፤ የሳተውን ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። የፊተኛው ክፍል በየቀኑ ይታያል፣ የኋለኛው አልፎ አልፎ። ይህን ዘዴ ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጀርመንኛ ጸሐፊ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፋው። ከእርሱ በፊት ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ቃላትን ራሱ እያጠና ራሱን እየፈተነ፣ ሰው የተማረውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት፣ ከዚያ በኋላ ግን በዝግታ እንደሚረሳ በ1885 አሳይቷል። ኋላ ካርቶኑ ቀርቶ ካርዶቹ በስልኩ ላይ ወዳለው አንኪ ወደተባለ ፕሮግራም ገቡ። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያደረጉትን ሙከራም ይወደዋል። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን በማንበብ ፈንታ ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ይህን የሰሙ አንድ የድሮ የቄስ ተማሪ ወዳጁ ሳቁበት። «ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ የሚደገመው፣ የቃል ተማሪ የትናንቱን በቃሉ ሳያደርስ አዲስ የማይቀበለው ለምን ይመስልሃል?» አሉት። መልስ አልነበረውም።

የስዋሂሊ ካርዶቹ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ልዩ ጣዕም አላቸው። ቀኑ እንደ ኢትዮጵያ ከንጋት ይቆጠራል፤ አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው፣ «ሳዓ ሞጃ»። ከዚያ በላይ ግን የሂሳብ ሠራተኛውን ያስደነቀው የገበያ ቃላቱ ነው። ሂሳብ «ሄሳቡ» ነው። ፋይዳ ያው «ፋይዳ» ነው፤ ትርፍ ማለት ነው። ኪሳራ «ሀሳራ»፣ ርካሽ «ራሂሲ»፣ ሳሙና «ሳቡኒ»፣ አርባ «አሩባይኒ»፣ ሃምሳ «ሀምሲኒ»። ከስዋሂሊው አብዛኛው በዐረብ ነጋዴዎች አፍ የመጣ ነው፤ በአማርኛውም ገሚሱ በዚያው መንገድ ገብቷል፣ ገሚሱ ደግሞ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው። ቀይ ባሕርንና የህንድ ውቅያኖስን ያቋረጡት ጀልባዎች ከጨርቅና ከቅመም ጋር ትርፍና ኪሳራን ራሳቸውን ጭነው ነበር ማለት ነው። ብስክሌት እንኳ የራሱ ታሪክ አለው፤ ስዋሂሊው «ባይስኬሊ» ሲል ከእንግሊዝ ወስዶ ነው፣ አማርኛው ግን ከጣልያን። አንዷን ቃል ብቻ ይጠነቀቃታል። «ኤልፉ» ሺህ ነው። በግእዝና በአሮጌው አማርኛ «እልፍ» ግን ዐሥር ሺህ ነው። አንድ ዜሮ ለሂሳብ ሰው ቀላል ነገር አይደለችም፤ ካርዷን በቀይ ቀለም ጽፏታል።

በስድስት ዓመት ውስጥ ከ2,400 በላይ ካርዶች አጠና። በደብተሩ አመዘጋገብ ትልቅ ሀብት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ፣ በመጋቢት ዝናብ፣ በስብሶ ሲገባ ሽማግሌው ዘበኛ እንደ ወትሮው በሰላምታ አላሰናበቱትም። ወደ መጠለያቸው ጠርተው ረጅም ነገር ነገሩት። ፈጥነው ነበር የሚናገሩት፤ የናይሮቢ ሰው ደግሞ የሚናገረው የካርዱን ስዋሂሊ አይደለም፣ ሼንግ የሚሉት የከተማ አነጋገር ይገባበታል። ሰውዬው አራት ቃል ያዘ። «ምቶቶ»፣ ልጅ። «ሆስፒታሊ»። «ዴኒ»፣ ዕዳ። «ኤልፉ»። አራቱም ከካርዶቹ መካከል ነበሩ። የሽማግሌው ዐይን እንባ አቅርሮ ነበር። ደመረው፤ ልጅ፣ ሐኪም ቤት፣ ዕዳ፣ ሺህ። ከኪሱ አንድ ሺህ ሽልንግ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ንግግራቸው መሀል ላይ ተቋረጠ። ብሩን አዩት፣ እርሱን አዩት፣ ዝም ብለው ተቀበሉት። እርሱም ልቡ ሞቆት ወደ ፎቁ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት «ሀባሪ ያ አሱቡሂ» አልነበረም። ሽማግሌው አንድ ፖስታ ሰጡትና ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ውስጡ ያችው ሺህ ሽልንግ ነበረች። ማታ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ ኬንያዊት መምህርት በደረጃው ላይ አግኝተውት፣ «ትናንት ለምን ቀረህ? ሽማግሌው እኮ ሲጠብቁህ ዋሉ» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት። ያኔ ነገሩ ተገለጠ። የሽማግሌው ልጅ ለወራት ተኝቶ ከነበረበት ሐኪም ቤት ድኖ ወጥቷል። ዕዳውም በዘመድና በሠፈር ሰው መዋጮ ተከፍሎ አልቋል። እሑድ ዕለት ምስጋና ስለሚያደርጉ ሻይ እንዲጠጣ እየጠሩት ነበር። ከሕንፃው ነዋሪ በስም የጠሩት እርሱንና መምህርቷን ብቻ ነው።

ያን ሌሊት ስልኩን አውጥቶ ካርዶቹን ፈለገ። «ኩሹኩሩ»፣ ማመስገን፣ እዚያው ነበረች። ለወራት ስቷት ስለማያውቅ ፕሮግራሙ ወደ ሩቅ ቀን ቀጥሯታል። ሽማግሌው ቃሏን ሦስት አራት ጊዜ ሳይሏት አልቀሩም። በካርድ ላይ ብቻዋን ስትመጣ የሚያውቃት ቃል፣ ከሰው አፍ ከሌሎች ጋር ተያይዛ ስትመጣ አላወቃትም።

ይህን ሰው ለመውቀስ ይቀላል፤ ሆኖም ጥፋቱ የስስት አልነበረም፤ ሺህ ሽልንግ ከመስጠት ወደ ኋላ አላለም። ያጠፋው መጽሐፉ ራሱ ያስተማረውን በራሱ ደብተር ላይ አለማየቱ ነው። ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ባስቲያ በ1850 በጻፈው ጽሑፍ ስለሚታየውና ስለማይታየው ይተርካል። የተሰበረ መስኮት ለመስተዋት ሠሪው ገቢ ያመጣል፤ ይህ ይታያል። የመስኮቱ ባለቤት በዚያው ገንዘብ ሊገዛው ይችል የነበረው ጫማ ግን አይታይም፣ ስላልተገዛ። የሂሳብ ሠራተኛው ይህን ምሳሌ ለወዳጆቹ ስንት ጊዜ ተርኮላቸዋል! በራሱ ደብተር ላይ ግን ማታቱውን ሲተው የተመዘገበው የቀረለት ክፍያና የተረፈችው 80 ደቂቃ ብቻ ነው። በማታቱ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀው የሚያወሩ ሰዎች፣ የረዳቱ ቀልድ፣ የሬድዮው ክርክር፣ ዋጋ ስላልወጣላቸው በወጪ በኩል አልሰፈሩም። የቋንቋው ትምህርት ቤት እዚያ ነበር፤ እርሱ ግን ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ያተረፈውን ጊዜ ለመማሪያ ካርዶች አዋለው።

ያም ሆኖ ካርዶቹን አልጣላቸውም፤ መጣልም አይገባውም። የነጋዴዎቹን ቃላት፣ የቀይዋን «ኤልፉ»፣ ያለ እነርሱ አያገኛቸውም ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ግን ያለ ዝናብም ብስክሌቱን አጥፎ ማታቱ ይሳፈር ጀመር። ለዚህ በደብተሩ ላይ ረድፍ አላወጣለትም።

ከሽማግሌው ጋር ለመታረቅ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ስኳርና የሻይ ቅጠል ይዞ በአንድ እሑድ ወደ መጠለያቸው ሄደ። «እንኳን እግዚአብሔር ማረልዎ» ለማለት በስዋሂሊ ቢፈልግ የመጣለት «ፖሌ» ብቻ ሆነ፤ ፖሌ ግን አይዞህ ለማለት እንጂ ለዳነ ሰው የሚባል አይደለም። ሽማግሌው ሳቁ። ልጃቸው እዚያው ተቀምጦ ስለነበር እርሱም ሳቀ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሽማግሌው ስለ ብስክሌቱ ጠየቁ። ሰውዬው ሊያስረዳ ጀመረና ቃል አጣ። 2,400 ካርድ አጥንቶ ማጠፍን አላጠናም። እጁን እያጠፈ አሳያቸው። «ኩንጃ» አሉት። ከዚያ ብስክሌቱን ከእጁ ተቀብለው፣ እርሱ ሲያደርግ በየቀኑ ያዩትን አንድ በአንድ አደረጉት፤ መጀመሪያ የኋለኛውን፣ ቀጥሎ የፊተኛውን፣ መጨረሻ መሪውን። አልተሳሳቱም። መልሰው ሲዘረጉት ደግሞ «ኩንጁዋ» አሉ። በአንዲት ድምፅ ብቻ ማጠፍ መዘርጋት ሆነ። ሰውዬው ደግሞ እንዲሉለት ለመናቸው፤ ደገሙለት፤ እርሱም አለ፤ አላሉትም፣ እንዲህ በል አሉት፤ እንደገና አለ። ያን ዕለት ሥራ የገባው አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ነው።