የማዶው ማደያ

እ.ኤ.አ. በ2008፣ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በበርሜል 147 ዶላር በደረሰበት በሐምሌ ወር፣ ቨርጂኒያ አርሊንግተን ውስጥ በአንድ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ከሥራዎቼ አንዱ፣ ጫፉ ላይ መምጠጫ ጎማ ባለው ረጅም ዘንግ ከምሰሶው ላይ የዋጋ ቁጥር እያወረዱ ሌላ መስቀል ነበር። ዘንጉን ይዤ ብቅ ስል አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚገላምጠኝ ይመስለኛል። በዚያ ሰሞን ቁጥር ወደ ታች የሚለወጥበት ቀን አልነበረማ!

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ማደያ አለ። እኛ አንዱን ጋሎን 4 ዶላር ከ9 ሳንቲም ስንሸጥ እነሱ 3 ከ99 ይሸጣሉ። (ሁለታችንም ከዋጋው ጭራ ላይ በጥቃቅኑ የምንለጥፋትን የሳንቲም ዘጠኝ አሥረኛ ትቼ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለሷ ቤንዚን ሲሸጥ አላየሁም።) ልዩነቱ 10 ሳንቲም ነው። አሥር ሳንቲም ሲባል የሚስቅ ይኖራል። በየቀኑ 12 ጋሎን ለሚቀዳ ባለታክሲ ግን በቀን 1 ዶላር ከ20፣ በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ 360 ዶላር ይሆናል፤ አገር ቤት ለእናት የሚላክ ገንዘብ ነው።

አንድ የሰፈሬ ልጅ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ ሌሊት ቡና ሊገዛ ገባና ምሰሶውን በአገጩ እየጠቆመ፣ «እናንተ ሌቦች ናችሁ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። «ያው ቤንዚን፣ ያው ከአንድ ቧንቧ የመጣ! ጋሼም ሐበሻ ነኝ እያለ ወገኑን ይገፍፋል።» ጋሼ የሚለው የማደያውን ባለቤት ነው።

መልስ አልነበረኝም፤ እኔም በሆዴ የማስበው ይህንኑ ነበር። ሁለታችንም ያደግነው የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት በሚተመንበት፣ በአንድ ከተማ ያለ ማደያ ሁሉ በአንድ ዋጋ በሚሸጥበት አገር ነው። ዛሬም ኢትዮጵያ ውስጥ ዋጋውን የሚተምነው መንግሥት ነው። ከተተመነው አስበልጦ የሚሸጥ ቢገኝ ሌላ ምርመራ አያሻውም፤ ሌባ ነው። እኛ ዘንድ ከማደያ ማደያ የሚለያየው ሰልፉ ነው።

«ከአንድ ቧንቧ» ማለቱ እውነት ነው። ለሰሜን ቨርጂኒያ የሚሆነው ቤንዚን በአብዛኛው ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ማጣሪያዎች ተነሥቶ፣ በመሬት ውስጥ በተቀበሩ ቧንቧዎች መጥቶ ፌርፋክስና ኒውዊንግተን ባሉ ማከማቻዎች ይጠራቀማል። የየኩባንያው ቦቴ ከዚያው ይቀዳል። አንዱ ኩባንያ «ይህ የኔ ነው» የሚያሰኘው፣ ቦቴው ሲሞላ ጠብ የሚደረገው የሞተር ማጽጃ ቅመም ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የዋጋው ልዩነት የሚጀምረው ቦቴው ሲወጣ በሚቆረጠው ደረሰኝ ላይ ነው።

ጋሼ ምሰሶው ላይ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ምልክት ሰቅሏል። ምልክቱን የሰቀለ ከዚያው ኩባንያ በቀር ከሌላ አይገዛም፤ ውሉ ነው። የማዶው ስም የለሽ ነው፤ ዕለት ዕለት ከረከሰበት ይቀዳል። ስም የለሽነትም ዕዳ አለው። እጥረት ሲመጣ ቀድሞ የሚሰጠው ውል ላላቸው ነውና መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ኮሎኒያል የተባለው ቧንቧ በኮምፒውተር ጠላፊዎች ምክንያት ለቀናት ሲዘጋና ሰው ማደያ ለማደያ ሲንከራተት፣ ትዝ ያለኝ ይኸው የጋሼ ውል ነበር።

ከውሉ የባሰው ደግሞ ቀጠናው ነው። ኩባንያው ከተማውን በቀጠና ከፋፍሎ ለአንዱ ቀጠና በአንድ ዋጋ፣ ለሌላው በሌላ ዋጋ ያስረክባል። ሁለት ማይል ርቆ ያንኑ ምልክት የሰቀለ ማደያ ከእኛ አርክሶ ይሸጥ የነበረው በዚህ ነው። መመዘኛው የሰፈሩ ሰው ኪስና የተፎካካሪው ብዛት ነው፤ ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ግን ለባለማደያው አይነገረውም። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «ይሄማ ዝርፊያ ነው» አለ። የሚገርመው፣ እሱ ራሱ በቀጠና ሲያስከፍል የኖረ ሰው ነው። የዋሽንግተን ታክሲዎች ሜትር የገባላቸው በዚያው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ አሥርተ ዓመታት ከተማው በካርታ ተሸንሽኖ፣ ተሳፋሪው የሚከፍለው ስንት ቀጠና እንደተሻገረ ተቆጥሮ ነበር። ሜትሩን አጥብቀው ከተቃወሙት ሾፌሮች አንዱ ደግሞ ጓደኛዬ! ይህንን ባነሣበት፣ «የኛ ካርታ እኮ መኪናው ውስጥ ተለጥፎ ነበር፤ ሰው ያየው ነበር» አለኝ። ለዚህች መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁላትም።

ስድቡ ጋሼ ጆሮ ደርሷል። አንድ ማለዳ ተራዬን ሳስረክብ ከመሳቢያው ደረሰኝ አውጥቶ «አንብብ» አለኝ። ቀረጡ ተጨምሮ ጋሎኑ 4 ዶላር ከ1 ሳንቲም። እኛ የምንገዛበት ዋጋ ማዶ ከሚሸጥበት በ2 ሳንቲም ይበልጣል።

«ጀሪካን ይዤ ማዶ ሄጄ ብቀዳ ይሻለኝ ነበር» አለ።

ትርፉ 8 ሳንቲም ነው። ደንበኛው በካርድ ከከፈለ ደግሞ የካርዱ ወጪ ከመቶ 2 ነው፤ ከ4 ዶላር ከ9 ላይ ይኸው 8 ሳንቲም። ታዲያ ኪራዩና የእኔ ደሞዝ ከየት ይመጣል? ከቡናው፣ ከሲጋራው፣ ከሎተሪው። ቤንዚኑ ሰው መጥሪያ ነው። የማዶው ሱቅ የእኛን ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ መኪና ማጠቢያም አለው።

«ትናንት በርካሽ የገዙትን ዛሬ ለምን ይጨምሩበታል?» አልኩት፤ የሰው ሁሉ ጥያቄ ነበር።

«የሚቀጥለውን ቦቴ የምከፍለው በዛሬው ሽያጭ ነው፣ ልጄ።»

ገባኝ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ሮበርት ቤከን እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ እንግሊዝ የቤንዚን ገበያ ሲጽፍ «ሮኬትና ላባ» ብሎታል፤ ዋጋ ሲወጣ እንደ ሮኬት፣ ሲወርድ እንደ ላባ። እኔ ይህን ያወቅሁት በዘንጉ ነው። ሐምሌ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ የለወጥኩበት ሳምንት ነበር፤ ድፍድፉ ቁልቁል ሲሄድ ግን ዘንጉ በየሦስት ቀኑ ነው እጄ የሚገባው። የሐምሌው ቁስል ያገገመው በእነዚያ ሦስት ሦስት ቀናት ይመስለኛል። የማዶውም ቢሆን በዚህ ከእኛ አይለይም ነበር።

በመስከረም አንድ የዕረፍት ቀኔ፣ የመኪናዬ ነዳጅ አልቆ መብራቱ በራ። የትምህርት ቤት ክፍያ የከፈልኩበት ሳምንት ነው፤ ኪሴ ውስጥ 20 ዶላር አለች። ማዶ ገብቼ መቅዳት ጀመርኩ። ቀና ስል የጋሼ መኪና ቀይ መብራት ላይ ቆሟል። አየኝ። ፊቴን ወደሚሽከረከረው ቁጥር አዞርኩ። አረንጓዴ እስኪበራ የነበረችው ጊዜ ያን ያህል የምትረዝም አልመሰለኝም ነበር።

በማግስቱ ማታ ሥራ ስገባ ሰላምታው እንደ ወትሮው ነው። ልጆቹን እያነሣ አወራኝ፤ የቡናውን ማፍያ እንዳጥብ ነገረኝ። ሊወጣ ሲል ቁልፉን እያንቃጨለ በሩ ላይ ቆመና፣

«ማዶ ትናንት ስንት ነበር?» አለኝ።

ነገርኩት። ዘንጉን አቀበለኝ።